ዋሻው ደጃፍ ላይ ሞገድ ስንቆጥር

የባሕር ዋሻ በጀልባ ለማየት ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። የመጀመሪያው ጉዞ አስመለሰኝ፤ ወደ ኋላም፣ ከሆዴም። በሁለተኛው ግን እንቅልፍ እስኪያሸልበኝ ድረስ ዘና ብያለሁ። ጀልባዋም ባለጀልባውም ያው ናቸው።

በመጀመሪያው ቀን አምስት ዋሻ በአንድ ከሰዓት ላዳርስ ነበር ያሰብኩት። ምሳዬን ግጥም አድርጌ በልቼ ስምንት ሰዓት ላይ ተነሳን። ከሰዓት በኋላ የብሱ ሲግል ከባሕሩ በኩል ነፋስ እንደሚነሳ ማን ነግሮኝ! ዋሻው አፍ ስንደርስ ባለጀልባው ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ደግሞ ችክ አልኩ፤ "ትንሽ ብቻ ጠጋ ይበሉልኝ አባት።" ጠጋ አሉ። ዓለቱን መትቶ የተመለሰው ሞገድ ከሚመጣው ጋር ተላተመና ጀልባዋን ከፊቷ ብድግ አደረጋት፣ ስልኬ ከእጄ አመለጠ፣ ምሳዬም ተከተለው። ሰውዬው ምንም አልተናገሩም። ብቻ አዞሩና ተመለስን።

ለሁለተኛው ጉዞ ሁለት ቀን ሙሉ የባሕሩን ትንበያ ሳይ ከረምኩ። ነፋሱን ብቻ ማየት ይሸውዳል ለካ። ሩቅ ቦታ የተነሳ ማዕበል ነፋስ በሌለበት ቀንም ሞገዱን ይልካል። ስለዚህ ከሞገዱ ቁመት ሌላ በሁለት ሞገዶች መካከል ስንት ሰከንድ እንዳለ ማየት ያስፈልጋል፤ ቁመታቸው እኩል ቢሆን እንኳ ሰከንዱ የረዘመው ብዙ ጉልበት ይዞ ይመጣል። የውሃው መሙላትና መጉደልም አለ። በብዙ ቦታ ከሙላት እስከ ጉድለት 6 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ገደማ ነው። እኛ ገና እየጎደለ ሳለ ለመግባት ተስማማን፤ እየሞላ ሳለ ገብተህ ብትዘናጋ ጣሪያው ወደ ራስህ እየቀረበ ነው ማለት ነው። የዋሻው አፍ ወደ ምሥራቅ ስለሚያይ ማለዳ መሄዳችን ነፋሱንም አስቀረልን፣ ብርሃኑንም አመጣልን።

ዋሻው ደጃፍ ደርሰን ሞተር አጠፉ። ከዚያ… ዝም። አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ። "ምን እየጠበቅን ነው?" አልኩ። በጣታቸው ግድግዳውን አሳዩኝ። ከውሃው በላይ አንድ ክንድ ያህል ዓለቱ ርሶ ጠቁሯል፤ ከዚያ በላይ ደረቅና ግራጫ ነው። ትልቁ ሞገድ የት ድረስ እንደሚወጣ ዓለቱ ራሱ ጽፎልሃል። ሞገድ ደግሞ በቡድን ነው የሚመጣው፤ ብዙ ትናንሾች ያልፉና ሁለት ሦስት ትልልቆች ይከተላሉ። አብሬያቸው መቁጠር ጀመርኩ። ከጉዞው ሁሉ በጣም የወደድኩት ይህን ነው ብል ማን ያምነኛል?

ትልልቆቹ እንዳለፉ በመቅዘፊያ ገባን፣ ያውም በኋላችን፤ ፊታችን ወደ ባሕሩ ስለሆነ የሚመጣውን እናያለን። ሞተር ውስጥ አይነሳም፤ ጭሱ መውጫ ያጣና ሰው ይመርዛል። ሄልሜቱን ሲሰጡኝ በሆዴ ስቄ ነበር፣ ጣሪያው አንዴ ኳ ሲያደርገኝ ሳቁ ቀረ።

ውስጡ ይተነፍሳል። ከወደ መጨረሻው "ዱም" የሚል ድምፅ ይመጣል፣ ከሆድህ ይሰማሃል። ሞገዱ ስንጥቅ ውስጥ ያለውን አየር ሲያምቀው ነው፤ ውሃው ሲመለስ የታመቀው አየር ይፈነዳል፣ ዓለቱም በዚህ ዓይነት ጥቂት ጥቂት ይላቀቃል። ጠጠርና አሸዋው ደግሞ እንደ ሞረድ ይፍቁታል። ባትሪዬን ወደ ጣሪያው ሳበራ አንድ ስንጥቅ ከአፉ እስከ ጀርባው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ዋሻው የተጀመረው በዚያ ነው።

ባትሪውን ሳጠፋው ውሃው ከታች በራ። የፀሐይ ብርሃን በውሃው ውስጥ አልፎ ሲገባ ቀዩ ይዋጣል፣ ሰማያዊው ይተርፋል። ጣሊያን ካፕሪ ደሴት ያለው ሰማያዊ ዋሻ ዝነኛ የሆነው በዚሁ ነው፤ አፉ አንድ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚረዝም ጎብኚው ጀልባው ውስጥ ተጋድሞ ይገባል። የኛው ያን ያህል አይደለም፣ አረንጓዴ ይቀላቅላል። ግን እጄን ስነክር እስከ አንጓዬ ብር መሰለ። ፎቶው? ጥቁር። አሥራ ሁለት ጥቁር ፎቶ አለኝ፣ በአዲሱ ስልኬ።

ከዋሻው ግድግዳ ወጣ ባለው ዓለት ላይ ርግቦች ነበሩ። ከተማ ውስጥ ጣሪያችን ላይ የሚያጉረመርሙት ርግቦች ዘራቸው ከዓለት ርግብ ነው፤ ቤቷ የባሕር ገደልና ዋሻ ነው። ጎጆ ስላላቸው ብርሃን አላበራንባቸውም፣ ድምፃችንንም ቀነስን።

ሹራብ አለመያዜ ግን ስህተት ነበር። ውጭ ፀሐይ ነው ብዬ በቲሸርት ሄጄ ውስጥ ጥርሴ ተንገጫገጨ። ቁርስ ቀለል አድርጌ መብላቴ በጀኝ፤ ስልኩንም ውሃ በማያስገባ ከረጢት አድርጌ አንገቴ ላይ አሰርኩት።

ለመውጣትም ቆጠርን። ሁለት ትልልቅ መጡና ጀልባዋን ቀስ አድርገው ከፍ ዝቅ አደረጓት፣ ሦስተኛውን ጠበቅን፣ አልመጣም፣ ቀዘፍን። ያየነው ሁለት ዋሻ ብቻ ነው። ወደ ሦስተኛው እንሂድ ወይ ሲሉኝ ጀልባዋ ወለል ላይ ተጋድሜ ነበር። "ትንሽ እንቆይ" አልኳቸው። ሞተሩን ሳያስነሱ ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ ደፉና እሳቸውም ተጋደሙ።