«እሺ» ስንባባል አየር የገባበት ፍሬን

የሞተሬ የፊት ፍሬን በአንድ ቀን አይደለም የላላው። ለዚህም ነው ሳላውቀው የቆየሁት። እጄ ቀስ በቀስ ለምዶታል። የነቃሁት የጓደኛዬን ሞተር ነድቼ ስመለስ ነው። የሱ ፍሬን ትንሽ ሲስቡት ድንጋይ ይሆናል። የኔ እጀታ ግን ይሰምጥና መሪው ላይ ሊደርስ ትንሽ ይቀረዋል። ቶሎ ቶሎ ሁለት ሦስቴ ስስበው ደግሞ ይጠነክራል። እንዲህ የሚያደርግ ፍሬን ብዙ ጊዜ አየር ይዟል።

ዘይት ቢጫኑት አይታመቅም፤ አየር ይታመቃል። እጀታውን ስስብ ጉልበቴ ካሊፐሩ ጋ (ጎማው ላይ ያለውን ዲስክ በሸራ የሚጨብጠው ክፍል ጋ) ሳይደርስ አረፋ ሲጨምቅ ያልቃል ማለት ነው። ዘይቱ ራሱም ጠቁሮ ነበር። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው ደረጃ ያለው ዘይት አዲስ ሲሆን የሚፈላው ቢያንስ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነው። 3.7 በመቶ ያህል ውሃ ሲገባበት ግን ደረጃው የሚጠብቅበት ዝቅተኛው 155 ዲግሪ ብቻ ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲግል ውሃው ይተንና እጀታው ባዶ ይሆናል። ብዙ አምራቾች በየ2 ዓመቱ ቀይሩት የሚሉት በከንቱ አይደለም።

የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው። የኔ ማስተንፈሻ ብሎን (ካሊፐሩ ላይ ያለው፣ አየር የሚወጣበት) 8 ቁጥር ቁልፍ ይወስዳል። ውስጡ የሚታይ ቀጭን ቱቦ፣ ባዶ ጠርሙስ፣ ብዙ ጨርቅና ያልተከፈተ ዘይት አዘጋጀሁ። የትኛው ዘይት እንደሚገባ መሪው ላይ ባለው የዘይት መያዣ ክዳን ላይ ተጽፏል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ዶት 5 እና ዶት 5.1 በስም እንጂ በሥራ አይገናኙም። ዶት 5 ሲሊኮን ስለሆነ ከዶት 4 ጋር አይቀላቀልም። 5.1 ግን የነ3 እና 4 ዘመድ ነው። ስሙን ያወጣው ሰው ምን አስቦ እንደሆነ እንጃ።

የክዳኑ ብሎኖች ጭንቅላታቸው ለስላሳ ነው። የመጀመሪያውን ልበላው ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። ልክ የሆነ ካቻቢቴ ገጥሜ በመዶሻ አንዴ ቀስ ብዬ መታ ሳደርገው ላላልኝ። ታንኩን በላስቲክ ሸፈንኩ፤ የፍሬን ዘይት ቀለም ይበላል። እንዲያም ሆኖ አንዲት ጠብታ አመለጠችኝ። ወዲያው በውሃ ስላጠብኩት ምንም አልሆነም። ዲስኩንና ሸራውንም ሸፈንኩ። ሸራ ዘይት ከነካው መቀየር ነው እንጂ መጥረግ አያድነውም።

ከዚያ ታናሽ እህቴን እጀታ እንድትስብልኝ ጠራኋት። ሥራው በወሬ ቀላል ነው። እሷ ትስብና ትይዛለች። እኔ ብሎኑን ሩብ ዙር እከፍታለሁ፤ ዘይትና አረፋ ይወጣል። እዘጋለሁ። ከዚያ በኋላ ብቻ ትለቃለች። ሳልዘጋ ከለቀቀች ያስወጣነውን አየር መልሳ ትስበዋለች።

እኛም ያንኑ አደረግን። እሷ ስባ «እሺ» ትላለች። እኔ ከፍቼ «እሺ» እላለሁ። እሷ ልቀቂ የተባለች ይመስላትና ትለቃለች። ግማሽ ሰዓት ሙሉ አረፋው አላልቅ ሲለን ያልተዋጠልኝ ነገር ነበር። አጎንብሼ ቱቦውን ሳይ ዘይቱ ወደ ላይ ተመልሶ ሲሄድ አየሁት። «ለምን ለቀቅሽ?» ብላት፣ «እሺ አላልክም እንዴ!» አለችኝ። እውነቷን ነው። ከዚያ በኋላ እሷ «ይዣለሁ»፣ እኔ «ዘጋሁ» ብቻ እንድንል ተስማማን። «እሺ» የሚለው ቃል ከግቢው ታገደ።

በዚያ መሃል ሌላ ጥፋት ሠራሁ። ዓይኔ ቱቦው ላይ ተተክሎ ላይኛውን ዘይት መያዣ ረሳሁት። ደርቆ ከላይ አየር ሳበ። እንደገና ከመጀመሪያው። አሁን በየአራት አምስት ስቦሹ ቀና ብዬ አያለሁ።

በመጨረሻ ቱቦው ውስጥ ንጹህ ዘይት ብቻ ይወርድ ጀመር። አንድም አረፋ የለም። እጀታው ግን አሁንም ይሰምጣል። እዚህ ጋ ነው ተስፋ የቆረጥኩት። ለካስ አየሩን የምፈልገው እሱ በሌለበት ቦታ ነው። አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ እኔ ደግሞ ታች ካሊፐሩ ሥር ተቀምጬ እየጠበቅኩት ነው። በአንድ ስቦሽ ትንሽ ወደ ታች ይገፋል፣ ስንለቅ ተመልሶ ላይ ማስተሩ (እጀታው ሲሳብ ዘይቱን የሚገፋው ክፍል) አፍ፣ የፍሬኑ ቱቦ ከሚታሰርበት ብሎን አጠገብ ይወሸቃል።

መሪውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ አዙሬ ማስተሩ ከቱቦው ከፍ የሚልበትን አቅጣጫ ፈለግኩ። ከዚያ እጀታውን በጣት ጫፍ፣ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ፣ ነካ ለቀቅ፣ ነካ ለቀቅ አደረግኩ። ቱቦውንም በካቻቢቴ እጀታ ኳ ኳ አደረግኩት። መያዣው ውስጥ የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ አረፋዎች ብቅ ብቅ ማለት ጀመሩ። እህቴ ዓሣ እየተነፈሰ ነው አለች። አሥር ደቂቃ ያህል ይህንኑ ሠራን። ሲመሽ ክዳኑን መልሼ፣ እጀታውን ስቤ በላስቲክ ከመሪው ጋር አስሬው ተኛሁ።

ማስተንፈሻ ብሎኑን ሳጠብቅ ጉልበት አላበዛሁም። ውስጡ ቀዳዳ ስለሆነ ቶሎ ይሰበራል፤ የተሰበረ ብሎን ማውጣት ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። የኔ ሞተር ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) የለውም። ያለው ሰው መመሪያውን አስቀድሞ ያንብብ፤ አንዳንዱ አየሩን ለማስወጣት የጋራዥ መሣሪያ ይፈልጋል።

ጠዋት ላስቲኩን ፈታሁ። እጀታው ግማሽ መንገድ እንኳ ሳይደርስ ቀጥ አለ። አጥብቄ ስቤ ለጥቂት ደቂቃ ያዝኩት፤ አልሰመጠም። ብሎኖቹን በደረቅ ጨርቅ ጠረግኩ፤ አልረጠበም። ከዚያ ግቢው ውስጥ በእግር ፍጥነት እየነዳሁ ደጋግሜ ሞከርኩት። እህቴ ወጥታ እሷም ሳብ አደረገችው።

«አሁንስ እሺ ማለት ይቻላል?» አለች።

የኋላውን ገና አላየሁትም።