ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዩሪያ

ዛሬ እሑድ ነው። ውሃ ሌሊት መጣ። ጄሪካኖቹን ሞልቼ ስጨርስ ሐረጓን ሻወር ቤት አስገብቼ ቅጠሏን አጠብኩ። ከዚያ ቁጭ ብዬ ይህን መጻፍ ጀመርኩ። ለእህቴ ያልነገርኳት ነገር አለ። መጀመሪያ እዚህ ልናዘዘው።

ሐረጓ የእህቴ ናት። ፈረንጆቹ ፖቶስ ይሏታል፣ አንዳንድ ችግኝ ሻጮች ደግሞ መኒ ፕላንት። እኛ ቤት ስሟ ሐረጓ ነው፣ አለቀ። አዲስ አበባ ውስጥ የማያውቃት ሰው ያለ አይመስለኝም። ከቡፌው ላይ ተነስታ፣ በምስማርና በክር ግድግዳውን ይዛ፣ የመጋረጃውን ዘንግ ተሻግራ ቴሌቪዥኑ ጋ የምትደርሰው እሷ ናት። ጸጉር ቤት መስታወቱ ጥግ፣ ቢሮ ውስጥ የፋይል መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሳ የምትታየውም እሷው ናት።

እህቴ ወደ ዳላስ ስትሄድ የቤቱን ቁልፍ፣ የመብራት ካርዱንና ሐረጓን አስረከበችኝ። በቪዲዮ ስትደውል መጀመሪያ የምትጠይቀው ስለ እኔ አይደለም። «እስኪ ሐረጌን አሳዪኝ» ትላለች። ስልኩን ይዤ ከቡፌው እስከ መጋረጃው ቀስ እያልኩ እሄዳለሁ። እሷ ዝም ብላ ታያለች። «አንቺስ ደህና ነሽ?» የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ይከፋኝ ነበር፣ አሁን ለምጄዋለሁ።

ባለፈው ኅዳር ግድም ሐረጓ መልኳ ተለወጠ። ከታች ያሉት ቅጠሎች ቢጫ እየሆኑ ረገፉ። አዲስ የምታወጣው ቅጠል የአሮጌውን ግማሽ አያክልም። ያ ወርቅማ ዝንጉርጉሯም ደበዘዘ። በቅጠልና በቅጠል መካከል ያለው ግንድ እየረዘመ፣ መላጣ ገመድ መሰለች። አየኋትና ወዲያው ፈረድኩ፦ ርቧታል።

እኛ ቤት የማይበላ መድኃኒት የለም። ያዘነ ሰው ሲመጣ ትሪ ይቀርባል። የታመመ ካለ አጥሚት ይጣዳል። ከፍቶህ ዝም ካልክ «ቁርስ አልበላህም እንዴ?» ትባላለህ። እንዲህ ያደገ ሰው የገረጣ ቅጠል ሲያይ ሌላ ምን ያስባል?

ታች ያሉት እትዬ የቡና አተላ ጨምሪባት አሉኝ። ጨመርኩ። በየቀኑ፣ ሦስተኛውን ቡና ጠጥተን ስንጨርስ የጀበናውን ቅራሪ ከነአተላው። በሁለት ሳምንት ውስጥ አፈሩ ላይ ነጭ ሻጋታ ወጣ፣ ከሥሩ ደግሞ ጥቃቅን ዝንብ። ሻይ ስጠጣ ብርጭቆዬ ውስጥ ይገቡ ነበር። አተላ እኮ ቀስ ብሎ የሚበሰብስ ነገር ነው። ከሌላ ብስባሽ ጋር ተደባልቆ ሲከርም ጥሩ ነው ይባላል። እርጥብ ማሰሮ ላይ እንዲሁ ሲከመር ግን ለሐረጓ ሳይሆን ለዝንቦቹ ቀለብ ሆነ። እትዬን አልወቅሳቸውም፤ ያሉኝ በሳምንት አንዴ ትንሽ ነው። በየቀኑ ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ ጥር ላይ አጎቴ ጋ ሄድኩ። ጋሼ አደአ ውስጥ፣ ከቢሾፍቱ ብዙም ሳይርቅ ጤፍ ያርሳሉ። ጎተራው አጠገብ የተጀመረ የዩሪያ ማዳበሪያ ጆንያ አየሁ።

«ጋሼ፣ ከዚህ ትንሽ ይስጡኝ» አልኳቸው።

«ለምንሽ?»

«ለአበባዬ።»

ትክ ብለው አዩኝ። «ታሸታለች?»

«አታሸትም።»

«ትበላለች?»

«አትበላም። እንዲያውም ቅጠሏን ያኘከ አፉ ይቃጠላል።»

ሳቁ። ግን ሰጡኝ። በ2014 የማዳበሪያ ዋጋ ሰማይ ሲነካ እንዴት እንደተብሰለሰሉ አስታውሳለሁ። ከዚያ ወዲህ ያቺን ነጭ ፍሬ በእፍኝ አይሰጡም። ለእኔ ግን አንድ የቡና ጣሳ ሙሉ ሰፍረው በፌስታል ቋጠሩልኝ። ስንት እንደማደርግ አልጠየቅኳቸውም። እሳቸውም ጠርሙስ የሚያህል ማሰሮ ስንት እንደሚፈልግ የሚያውቁበት ምክንያት አልነበራቸውም።

ቤት እንደደረስኩ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሞልቼ በተንኩባት። አፈሩ ደረቅ ነበር። ከላይ አንድ ብርጭቆ ውሃ አፈሰስኩና «እንግዲህ ብይ» አልኳት።

በማግስቱ ሳሎኑ በረት በረት ሸተተ። ዩሪያ እርጥብ አፈር ውስጥ ሲገባ ወደ አሞኒያ እንደሚለወጥ ያን ጊዜ አላውቅም። የቧንቧ ችግር መስሎኝ መታጠቢያ ቤቱን በበረኪና ፈተግኩ። በሦስተኛው ቀን የቅጠሎቹ ጫፍ እሳት እንደነካው ወረቀት ቡናማ ሆነ። በአምስተኛው ቀን ሐረጓ ከዘንጉ ላይ እንደ እርጥብ ልብስ ተንጠለጠለች። አፈሩን ስነካው እርጥብ ነው። እሷ ግን የተጠማች ትመስላለች። ጠምቷት ይሆናል ብዬ ውሃ ጨመርኩ። ጭራሽ ባሰባት።

ነገሩ የገባኝ ቋንጣ ሲሰቀል የማየውን ሳስብ ነው። ሥጋው ላይ ጨው ስትነሰንስበት ውሃውን ያወጣል። ማዳበሪያም ሲበዛ ለሥር ያው ነው። አፈሩ ውስጥ ያለው ውሃ ሥሩ ውስጥ ካለው ይልቅ ብዙ ማዳበሪያ የሟሟበት ከሆነ፣ ውሃው ወደ ሥሩ መግባቱ ይቀርና ከሥሩ ይወጣል። ሐረጓ ውሃ ውስጥ ቆማ የምትደርቀው ለዚህ ነው። አሞኒያውም ለብቻው ሥር ያቃጥላል። የእህቴን ሐረግ ቋንጣ አድርጌያታለሁ ማለት ነው።

ለጋሼ ደወልኩ። ለጤፍ ስንት እንደሚያደርጉ ጠየቅኳቸው። ለዓመታት ሲመከር የኖረው በሄክታር አንድ ኩንታል ዩሪያ ነው፤ ለአንድ ጥማድ፣ ማለትም ለሩብ ሄክታር፣ ግማሽ ጆንያ መሆኑ ነው። ስልኩን ዘግቼ ሒሳብ ሠራሁ። የማሰሮዬ አፍ 20 ሳንቲ ሜትር ነው። በጤፍ ልክ ቢሆን የሚገባት የአንድ ግራም ሲሶ ነበር፤ በሁለት ጣት ከምትቆነጠር ጨው ያነሰ። እኔ የጨመርኩት 25 ግራም ይሆናል። በሄክታር ሲመታ 80 ኩንታል አካባቢ ነው። ሦስት ጊዜ ደግሜ አሰላሁት። ጋሼ ይህንን ቁጥር ቢሰሙ በሕይወቴ ዘመን ማጭድ አያስነኩኝም።

ማዳበሪያ የበዛበትን አፈር ማጠብ ነው መፍትሔው። የማሰሮውን አራት እጥፍ ያህል ውሃ ቀስ እያደረጉ ከላይ ማፍሰስ፣ ከታች ሙሉ በሙሉ እስኪወርድ መጠበቅ። የእኔ ማሰሮ ሦስት ሊትር አፈር ይይዛል፤ 12 ሊትር ውሃ ያስፈልጋል። ማክሰኞ ነበር፣ የእኛ ሕንፃ የውሃ ተራ ደግሞ ያን ሰሞን ሐሙስ ማታ ነበር። ቤት ውስጥ የቀረኝ አንድ ሃያ ሊትር ጄሪካን ብቻ። ተቀምጬ አየሁት። ከዚያ ጸጉሬን ሳልታጠብ ሁለት ቀን ሥራ ገባሁ። ጸጉሬን በሻሽ ጠቅልዬ ያየኝ ሁሉ «ሐዘን ነው እንዴ?» አለኝ። ለማን እንደሆነ ማስረዳት አልቻልኩም።

ዘግይቼ ነበር። ማሰሮውን ስገለብጠው ሥሩ ግማሹ ቡናማ ሆኖ ሟሙቷል። ሌላም ነገር አየሁ። ጤነኛው ሥር ማሰሮውን ዙሪያ ዙሪያውን እየዞረ እንደ ሹሩባ ተገምዷል፣ አፈር የሚባል ነገር እምብዛም የለም። ስንት ዓመት አንድ ማሰሮ ውስጥ ነበረች። በዚያ ላይ ጥቅምት ላይ አዲስ ሶፋ ሳስገባ ከመስኮቱ አንስቼ ጨለማው ጥግ ያዞርኳት እኔ ነኝ። ግንዷ የረዘመው ብርሃን ፍለጋ ነው፣ ዝንጉርጉሯም የጠፋው በብርሃን እጦት ነው። ማንም ምግብ አልጠየቀም ነበር።

ጊዜውም አልነበረም። የሐረጓ አገር ሞኦሪያ የምትባል የፓስፊክ ደሴት ናት፤ ዓመቱን ሙሉ ወበቅ። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ግድም ላይ ናት። የጥር ሌሊት ለእኛም ጋቢ ያስለብሳል። በብርድ እድገቷን ታቆማለች፣ ያላደገ ተክል ደግሞ የሰጡትን አይበላም፤ አፈሩ ውስጥ ይከማቻል።

ከተረፈው ሐረግ አምስት ቁራጭ ወሰድኩ። እያንዳንዱ ቢያንስ አንድ አንጓ እንዲኖረው ነው፤ ሥር የሚወጣው ከአንጓው ነው፣ ቅጠል ብቻውን ውሃ ውስጥ ዓመት ቢቀመጥ ሐረግ አይሆንም። በአምቦ ውሃ ጠርሙስ መስኮት ላይ አስቀመጥኳቸው። በብርዱ ምክንያት ይመስለኛል ወር ሊሞላ ሲል ነው ነጭ ሥር ያየሁት። አንዱ በሰበሰ። አራቱን የደን አፈር፣ ብስባሽና ትንሽ ቀይ አሽ ደባልቄ አንድ ላይ ተከልኳቸው። ጋሼ ከማሳቸው ጥቁር አፈር ሊልኩልኝ ነበር። መረሬ ለጤፍ ነው እንጂ ለማሰሮ ውሃ ይዞ ሥር ያፍናል ብዬ በጨዋ ደንብ እምቢ አልኩ።

አሁን ግንቦት ነው። መስኮቱ አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ የማያገኛት ቦታ ናት። ዝንጉርጉሯ ተመልሷል። አዲሱ አፈር ብስባሽ ስላለው ሦስት ወር ምንም አልሰጠኋትም። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ግን ውሃ ውስጥ የሚሟሟ፣ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ፖታሽየሙ እኩል የሆነ 20-20-20 ማዳበሪያ ገዝቼ፣ የሻይ ማንኪያ ሩቡን በሁለት ሊትር ውሃ በጥብጬ መስጠት ጀምሬያለሁ። በወር አንዴ ብቻ። መጀመሪያ በንጹሕ ውሃ አርሼ ነው፣ ደረቅ አፈር ላይ በፍጹም። ሐምሌና ነሐሴ በደመናው፣ ከኅዳር እስከ ጥር በብርዱ አቆማለሁ። በየሁለት ወሩ ደግሞ እንደ ዛሬው ሻወር ቤት ገብታ ትታጠባለች። ማንኪያውን ስይዝ እጄ አሁንም ይንቀጠቀጣል።

እህቴስ? ስትደውል ካሜራውን ቅርብ አድርጌ ቅጠል ቅጠሉን አሳያታለሁ። «አጠረች ልበል?» አለች ባለፈው። «ከርክሜያት ነው» አልኳት። ውሸት አይደለም፣ እውነትም አይደለም። ለእንቁጣጣሽ እመጣለሁ ብላለች። እስከዚያ መጋረጃው ጋ ለመድረስ ሁለት ሜትር ይቀራታል።

ማታ ጋሼ ደወሉ። «ያቺ የማትበላው እንዴት ሆነች?»

«ደህና ናት ጋሼ።»

«አበበች?»

ማበብ እንኳ እንደማትችል ነገርኳቸው። አበባ የሚያስወጣውን ጅቤሪሊን የተባለ ሆርሞን በራሷ በበቂ መሥራት አይሆንላትም። ሰው ቤት ውስጥ ስታብብ ያየ የለም ለማለት ይቻላል። ጋሼ ጥቂት ዝም አሉ። ከኋላቸው ውሻ ይጮሃል።

«አታሸትም፣ አትበላም፣ አታብብም» አሉ። «በይ የተረፈውን ዩሪያ በሰው ላኪልኝ፣ ለጤፉ ይደርሳል።»