«ሳይበሉ ይውሰዱት»

ሐይቅ አካባቢ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ፣ የስኳርና የደም ግፊት ክትትል ክፍል ስሠራ ነው። ዕለቱ የገበያ ቀን ስለነበር ኮሪደሩ ይንጫጫል፤ እኔም ማስክ አድርጌያለሁ። ሰባን የተሻገሩ አባት ገቡ። ግሊቤንክላማይድ የሚባል፣ የደም ስኳርን የሚያወርድ መድኃኒት ተጀመረላቸውና «አባባ፣ ሳይበሉ አይውሰዱት» አልኳቸው። «እሺ ልጄ፣ አላህ ይስጥህ» ብለው ወጡ።

በአራተኛው ቀን በቃሬዛ መጡ። በላብ ርሰዋል፤ ልጃቸውን እንኳ አልለዩዋትም። ከጣታቸው ደም ወስደን ስንለካ ስኳሩ እስከ 38 ወርዷል። 40 በመቶ ግሉኮስ በደም ሥር ስንሰጣቸው ዓይናቸውን ገለጡ። መድኃኒቱ ቶሎ ከሰውነት ስለማይወጣ አሳደርናቸው።

ልጅቱ ላይ አፈጠጥኩ፦ «አልነገርኳቸውም?»

«እኔ ምን አውቄ! ሳይበሉ ይውሰዱት ብሎኛል እያሉ በባዶ ሆዳቸው ውጠው ማሳ ይወርዳሉ።»

የጠፋችው አንዲት «አ» ናት።

እንደዚያም ሆኖ የኔ ጥፋት አልታየኝም። ልጅቱ «ቡና ሲጠሩ አይሄዱም፣ ሌላ ሲጠየቁ ሌላ ይመልሳሉ» ስትለኝ፣ ካርዳቸው ላይ «የመርሳት ችግር ይጠረጠራል» ብዬ ጻፍኩ።

በማግስቱ አንዲት አንጋፋ ባልደረባዬ ያንን አነበበችና ምንም ሳትል ከኋላቸው ክንድ ያህል ርቃ ቆመች። አንዱን ጆሮ በጣቷ እያሻሸች በሌላኛው በኩል «አምስት፣ ለ፣ ሦስት» ብላ አንሾካሾከች። ዝም። ደገመች። ዝም። ከዚያ ፊታቸው ተቀምጣ፣ ማስኳን አውርዳ፣ ሳትጮህ ጠየቀቻቸው። ቀኑን፣ ቀበሌውን፣ የልጅ ልጆቻቸውን ስም ከታላቅ እስከ ታናሽ ዘረዘሩላት።

ቀኝ ጆሯቸው በኩክ ተደፍኖ ነበር፤ ሲወጣላቸው ትንሽ ተሻላቸው። ግራው ግን ንጹሕ ሆኖም አይሰማም፤ የዕድሜ ነገር ነው። ዕድሜ ቀድሞ የሚወስደው ቀጫጭኑን ድምፅ ነው፤ «ስ»፣ «ሽ»፣ «ፍ» ይጠፋሉ፣ ወፍራሙ ይቀራል። ሰውዬው ሲናገሩት ይሰማል፣ የሚሉትን ግን አይለይም፤ የጎደለውን ከንፈር አይቶ ይሞላል። ያንን ከንፈር እኔ ሸፍኜባቸዋለሁ።

«አልሰማሁም ቢሉኝ ምን ነበረበት?» ስላቸው ሳቁ። «ሁለቴ የሚጠይቅ ሽማግሌ ጃጀ ይባላል፣ ልጄ።»

ካርዱን ገልብጬ አስቀመጥኩት። ለካስ በሰፈራቸው አበጋር ነበሩ፤ የተጣላ ያስታርቃሉ። «የሁለቱንም ወገን ሳልሰማ ምን ብዬ ልፍረድ?» ብለው ከተዉት ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ቡናውንም የተዉት ለዚሁ ነው።

የሚያሳስበኝ፣ በስህተት የጻፍኩት ነገር ውሎ አድሮ እውነት ሊሆን መቻሉ ነው። የላንሴት የሕክምና መጽሔት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ለመርሳት በሽታ ከሚያጋልጡና ሊቀነሱ ከሚችሉ 14 ነገሮች መካከል ያልታከመ የመስማት ችግርን አስፍሯል። ከሰው መራቁ አንዱ መንገድ ነው፤ ቃል ለመለየት የሚለፋ አንጎል ለማስታወስ የሚተርፈው አቅም ማነሱም ይጠቀሳል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ ከ70 እስከ 84 ዓመት የሆኑ 977 መስማት የቀነሰባቸውን ሰዎች ለሦስት ዓመት ተከታትሎ፣ የመስማት እርዳታ (እንደ ጆሮ ማዳመጫ መሣሪያ) ባገኙትና ባላገኙት መካከል በጠቅላላው ልዩነት አላገኘም፤ ቀድሞውንም ይበልጥ ተጋላጭ በነበሩት ላይ ግን የመስማት እርዳታው የአእምሮን መዳከም በ48 በመቶ አዘግይቷል። ለእኛ አባት ማዳመጫው ገና ነው። ወደ ደሴ ሪፈር ጻፍንላቸው፤ ልጅቱ ወጪውን እያሰላች ወጣች።

ግሊቤንክላማይዱ ቀርቶ ሜትፎርሚን ተተካላቸው። እኔም ካርዱ ላይ የጻፍኩትን ሰርዤ «ፊት ለፊት፣ ቀስ ብሎ፣ ይደገም» አልኩበት። በቀጠሯቸው ቀን ማስኬን አውርጄ ነገርኳቸውና «እስቲ ይድገሙልኝ» አልኳቸው።

«ጠዋትና ማታ አንዳንድ፣ ከምግብ ጋር» አሉ። ቀጥለውም ቆጣ ብለው፦ «ደግሞ አትጩህብኝ፤ ድሮስ ጩኸትህ መቼ ጠፋኝ!»