ዳማ ስትወልድ የያዝኩት ደብተር

ውሻዬ ዳማ ያመለጠችኝ በሩን ሳልዘጋ የወጣሁ ቀን ነው። ወንድ የምትፈልግበት ሰሞን ነበር። ከሰዓታት በኋላ ምንም እንዳልሠራች ጅራቷን እየቆላች ተመለሰች። በአምስተኛው ቀን ደግሞ አንድ የጎረቤት ውሻ አጥር ዘልሎ ገባና ሁለቱ ተጣብቀው አገኘኋቸው። ዱላ ላነሳ ስል እህቴ ጮኸችብኝ። ልክ ነበረች። ተጣብቀው ሳለ ለማላቀቅ መታገል ሁለቱንም ይጎዳል፤ ጊዜው ሲደርስ ራሳቸው ይለያያሉ። የሆነውም ሆኗል።

በማግስቱ ደብተር አወጣሁ። ያመለጠችበትን ቀን «1» ብዬ ጻፍኩና «63» ላይ በቀይ እስክሪብቶ አከበብኩ። ውሻ 63 ቀን ታረግዛለች ሲባል ሰምቼ ነበር። ነገሩ እውነት ነው፤ ግን 63ቱ ቀን የሚቆጠረው እንቁላሉ ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ ነው እንጂ ከተገናኙበት ቀን አይደለም። የወንዱ ዘር ሴቷ ሆድ ውስጥ ለቀናት በሕይወት ይቆያል። የውሻ እንቁላል ደግሞ ሲወጣ ገና አልበሰለም፤ ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል። ስለዚህ ከተገናኙበት ቀን ሲቆጠር ወሊዱ ከ57ኛው እስከ 72ኛው ቀን ድረስ የትም ሊያርፍ ይችላል። ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው፣ ያውም በጭንቀት አልቄ።

በአሥረኛው ቀን ዳማን ይዤ የእንስሳት ሐኪም ጋ ሄድኩ። ዶክተሩ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። «ልጄ፣ አሁን እኔም አላይ፣ መሣሪያውም አያይ» ብለው መለሱኝ። በዚያ ጊዜ ፅንሶቹ ገና ማህፀን ግድግዳ ላይ እንኳ አልተጣበቁም። መጣበቅ የሚጀምሩት ሦስተኛው ሳምንት አካባቢ ነው። እስከዚያ ያለ መልሕቅ ይንሳፈፋሉ።

በ30ኛው ቀን አልትራሳውንድ አነሷት። ጥቁሩ ስክሪን ላይ ትናንሽ ክብ ከረጢቶች ታዩኝ። በአንዷ ውስጥ ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ ነገር ቶሎ ቶሎ ትርገበገባለች። «ልብ ነው» አሉ። እኔ ሌላ ነገር ጠይቄ ነበር፤ ምን እንደነበር አሁን አላስታውስም። የውሻ ማህፀን እንደ ሁለት ቀንድ ተከፍሎ ወደ ግራና ቀኝ ይሄዳል፤ ፅንሶቹም እንደ መቁጠሪያ ዶቃ በሁለቱም ላይ ይደረደራሉ። ዶክተሩ ለኩና «ቀኑ ከጻፍከው ያንሳል፣ ያንን ቁጥር አጥብቀህ አትያዘው» አሉኝ። ሰማሁ። ግን ቀዩን ክብ አልሰረዝኩም።

ከዚህ በኋላ በሆዷ ውስጥ ነገሩ ይፈጥናል። አምስተኛው ሳምንት ሲያልቅ ዋና ዋናዎቹ የሰውነት ክፍሎች ተሠርተዋል፤ ጣትና ጥፍር ሳይቀር። ከዚያ ወዲያ ያለው በአብዛኛው ማደግ ነው። አጥንታቸው በራጅ መታየት የሚጀምረው ከ45ኛው ቀን ገደማ ጀምሮ ነው። ስንት እንደሆኑ በትክክል ለመቁጠር ግን ከ55 በኋላ መጠበቅ ይሻላል።

ምግብ ላይ ጥፋት ሠርቻለሁ። ማርገዟ እንደተረጋገጠ ሳህኗን እጥፍ አደረግኩት። የአብዛኞቻችን ስህተት ይመስለኛል፤ ለሁለት ትብላ የሚል ነገር አለብን። ቡችሎቹ ክብደታቸውን የሚጨምሩት በአብዛኛው በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ነው። እስከ አምስተኛው ወይም ስድስተኛው ሳምንት ድረስ የወትሮዋ ምግብ በቂዋ ነው። ቀድሞ የገባው ትርፍ ወደ ስብ ይሄዳል፣ ስብ ደግሞ ምጥ ያከብዳል። ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ እየጨመሩ እስክትወልድ ድረስ ከወትሮዋ ከሩብ እስከ ግማሽ ያህል ከፍ ማድረግ ነው። እኔ ለቡችላ ወደሚዘጋጀው ምግብ አዞርኳት። ማህፀኗ ጨጓራዋን ስለሚጫነው በአንዴ ብዙ መብላት አትችልም፤ በቀን አራት ጊዜ ትንሽ ትንሽ ሰጠኋት።

የካልሲየሙ ነገር ከዚህም ይብሳል። አጥንት እየሠራች ነው ብዬ በራሴ ጊዜ ካልሲየም ገዝቼ ነበር። ዶክተሩ ብልቃጡን ከእጄ ወስደው መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱት። ሰውነቷ ካልሲየምን ከአጥንቷ የሚያወጣበት የራሱ መንገድ አለው። በእርግዝናዋ ጊዜ ከውጭ ሲደረብላት ያ መንገድ ይሰንፋል። ወልዳ ወተቷ ሲበረታ በድንገት ብዙ ካልሲየም ትፈልጋለች፣ ሰውነቷ ግን ቶሎ አያደርስላትም። ያኔ ትንቀጠቀጣለች፣ እግሯ ይገተራል፣ ታለከልካለች፤ በሰዓታት ውስጥም ልትሞት ትችላለች። ስለዚህ ሐኪም ካላዘዘ በቀር አይሰጥም።

የትል መድኃኒትም አዘዙላት። ብዙ ውሾች ውስጥ የወስፋት እጭ ጡንቻቸው ላይ ተኝቶ ይኖራል። እርግዝናው ሲገፋ ይነቃና በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ቡችሎቹ ያልፋል፤ በኋላም በወተት። ቡችላ ሳይወለድ ወስፋታም ይሆናል ማለት ነው። ይህን እስክሰማ ድረስ እኔ ቆሻሻ በልተው የሚይዛቸው ብቻ ይመስለኝ ነበር።

መውለጃ ሳጥኑን ከሁለት ሳምንት ቀደም ብዬ ሠራሁ። በአራቱም ጎን ከወለሉ ትንሽ ከፍ አድርጌ ጣውላ መታሁበት፤ እናትየው ግድግዳውን ተደግፋ ስትተኛ ቡችላ ከጀርባዋ ቢገባ እንዳይጨፈለቅ ነው። ኮርቼበት ነበር። ዳማ አሽትታ ሄደችና ቁም ሳጥኑ ሥር ተኛች። ለአንድ ሳምንት ምግቧን ሳጥኑ ውስጥ እየሰጠሁ አለማመድኳት።

በ58ኛው ቀን ራጅ ተነሳች። ዶክተሩ በጣታቸው ጭንቅላቶቹን ቆጠሩ፤ ስድስት። ይህን ቁጥር ጻፈው አሉኝ። ከደብተሩ ሁሉ የጠቀመኝ ይኸው አንድ ቁጥር ነው።

63ኛው ቀን መጣ፣ አለፈ። 64። 65። እንቅልፍ አጣሁ። ስደውል ዶክተሩ «ሙቀቷን ለካ፣ ደብተርህን ተወው» አሉ። የውሻ ሙቀት ብዙውን ጊዜ ከ38 እስከ 39 ነው። ሊወልዱ 24 ሰዓት ያህል ሲቀራቸው ከ37.2 በታች ይወርዳል፤ እርግዝናውን የያዘው ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን ስለሚቀንስ ነው። ጠዋትና ማታ እለካለሁ። በ66ኛው ቀን ጠዋት 36.9 አነበብኩ። ቴርሞሜትሩ የተበላሸ መስሎኝ ደግሜ ለካሁ። ያው ነው።

ከሰዓት በኋላ ምግብ እምቢ አለች። ጨርቁን እየቧጨረች ትቆልለዋለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ታለከልካለች። ይህ የምጡ መግቢያ ነው፤ ከስድስት እስከ 12 ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። የኛ ሥራ መብራት ቀንሶ ዝም ማለት ነው። ዝም ማለት ከበደኝ። እህቴ «አንተ ነህ እንዴ የምትወልደው?» ብላ ከክፍሉ አስወጣችኝ።

ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ መግፋት ጀመረች። በሃያ ደቂቃ ውስጥ የመጀመሪያው በከረጢቱ እንደተጠቀለለ ዱብ አለ። ዳማ ከረጢቱን በጥርሷ ቀደደች፣ እትብቱን ቆረጠች፣ ከዚያ እስኪያለቅስ ድረስ ላሰችው። እኔ መቀስና ክር ይዤ ቆሜያለሁ፤ ማንም አልፈለገኝም።

ሁለት ነገር አስቀድሜ አጥንቼ ነበር። አንደኛው ሰዓት ነው። ለ30 ደቂቃ አጥብቃ እየገፋች ምንም ካልወጣ፣ ወይም ቡችላ እንደቀረ እየታወቀ ሁለት ሰዓት ካለፈ፣ ሐኪም ይጠራል። ሁለተኛው አረንጓዴው ፈሳሽ ነው። ቀለሙ የሚመጣው ከእንግዴ ልጁ ጠርዝ ነው፤ እንግዴ ልጁ ከማህፀኑ መላቀቁን ይናገራል። አንድ ቡችላ ከወጣ በኋላ ቢታይ ያለ ነው። አንድም ሳይወለድ ከታየ ግን ውስጥ ያለው ቡችላ አየር እያጣ ነው፣ መጠበቅ የለም።

አምስተኛው ሲወጣ ስምንት ሰዓት ሆኗል። ዳማ ጋደም አለችና ማጥባት ጀመረች። ያለቀ ነበር የሚመስለው። ደብተሩ ግን ስድስት ይላል። ሰዓት እያየን ተቀመጥን። አንድ ሰዓት። አንድ ሰዓት ተኩል። ስልኬን አንስቼ ቁጥር ስፈልግ ዳማ ብድግ ብላ ዞረች፣ አንዴ ገፋች፣ ሁለት የኋላ እግሮች ታዩ። ደነገጥኩ። ቡችላ በእግሩ መምጣቱ ግን እንደ ሰው ልጅ አይደለም፤ በጣም የተለመደ ነው። ስድስተኛዋ እንዲህ መጣች። ከሁሉም ትንሿ።

ዳማ ደክሟት በቅጡ አላሰቻትም። በደረቅ ፎጣ አሸት አሸት አደረግኳት፣ ጮኸች። ጠዋት ላይ ግን ከሌሎቹ ተለይታ ጥግ ላይ አገኘኋት። አፏ ውስጥ ጣቴን ባስገባ ቀዝቃዛ ነው፣ ጣቴንም አትጠባም። ርቧታል ብዬ ለቡችላ የሚሆነውን ወተት አሙቄ በሲሪንጅ ላፈስላት ስል፣ እንደ ዕድል ሆኖ መጀመሪያ ደወልኩ። «ወተቱን ጣለው፣ መጀመሪያ አሙቃት» አሉ ዶክተሩ። የቀዘቀዘ ቡችላ አንጀቱ አይሠራም፤ ወተቱ ሆዱ ውስጥ ይቀመጣል ወይም ወደ ሳንባው ይገባል። አዲስ የተወለደ ቡችላ መንቀጥቀጥ እንኳ አይችልም፤ ሙቀቱ የእናቱና የወንድሞቹ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የሚተኙበት ቦታ 30 ዲግሪ አካባቢ ሊሆን ይገባዋል። ልብሴ ውስጥ፣ ደረቴ ላይ አድርጌ አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ። ቀስ እያለች ሞቀች። አፏን ከፍታ ስትፈልግ ዳማ ጡት ላይ አስቀመጥኳት። እንገሩን በመጀመሪያው ቀን ማግኘት አለባት፤ ከበሽታ የሚከላከልላት ነገር ከአንጀቷ ወደ ደሟ የሚያልፈው በዚያች አንድ ቀን ውስጥ ነው።

ከዚያ በኋላ ደብተሩ የክብደት ሆነ። በወጥ ቤት ሚዛን በየቀኑ መዘንኳቸው። በመጀመሪያው ቀን ትንሽ መቀነስ አለ፤ ከዚያ በየቀኑ መጨመር ግድ ነው። በአሥር ቀን ውስጥ ሲወለዱ ከነበራቸው እጥፍ ይደርሳሉ። ዓይን የማያየውን ሚዛን ያያል፤ አንዱ ቡችላ አብሮ እየተጋፋ፣ ጡት ይዞ፣ ግን ሁለት ቀን ሙሉ ምንም አልጨመረም ነበር። የያዘው ጡት ወተቱ አነስተኛ ነበር። ወደ ኋለኞቹ አዞርኩት፣ አገገመ።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ከመጥባትና ከመተኛት ሌላ ሥራ የላቸውም። አይሰሙም፣ አያዩም፤ በማሽተትና በሙቀት እየተመሩ ጭንቅላታቸውን ግራ ቀኝ እያወዛወዙ ጡት ይፈልጋሉ። ተኝተው ሲወራጩ እህቴ የታመሙ መስሏት ቀሰቀሰችኝ። ጤነኛ ቡችላ ሲተኛ ይወራጫል፤ የሚያሳስበው ፀጥ ብሎ የሚተኛው ነው። ሽንታቸውንም በራሳቸው አይሸኑም፤ ዳማ ስትልሳቸው ነው የሚመጣላቸው።

በ12ኛው ቀን የመጀመሪያዋ ዓይኗን ከፈተች፤ ያችው ትንሿ አልነበረችም፣ እሷ የመጨረሻ ናት። ጆሮ ከዚያ በቀናት ዘግይቶ ተከፈተ፤ ማንኪያ ስጥል ስድስቱም በአንዴ ሲደነግጡ አወቅኩ። በሦስተኛው ሳምንት ጥርስ፣ እየተንገዳገዱ መራመድ፣ እርስ በርስ መናከስ። በአራተኛው ምግብ በውሃ አርጥቤ አቀረብኩ፤ ግማሹን በሉት፣ ግማሹ ላይ ተኙበት።

ከሦስተኛው ሳምንት እስከ 12ኛው ያለው ጊዜ ከሰውና ከዓለም ጋር የሚላመዱበት ነው። ስለዚህ በር መዝጊያ ድምፅ፣ መጥረጊያ፣ ኮፍያ ያደረገ ሰው፣ ሕፃን ልጅ፣ ሁሉንም በትንሽ በትንሹ አሳየኋቸው። ሰው ቶሎ ስጠን ቢለኝም ስምንት ሳምንት ሳይሞላቸው አልሰጠሁም። ንክሻን መቆጣጠር የሚማሩት ከወንድሞቻቸውና ከእናታቸው ነው።

ሦስቱ እንደ እናታቸው ዳማ ናቸው፣ ሁለቱ ጥቁር፣ ትንሿ ዥጉርጉር። በአንድ ሆድ ውስጥ የሁለት አባት ልጆች ሊኖሩ ይችላሉ፤ በቀለም ብቻ ግን አይፈረድም። የጎረቤቴ ውሻ ጥቁር ነው። ሁለቱን ጥቁሮች ጎረቤቴ ወሰዳቸው። ዥጉርጉሯ እኛ ጋ ቀረች።

ዳማ ወተቷ ደርቆ አንድ ወር ካለፈ በኋላ ተመልሰን ዶክተሩ ጋ ሄድን። በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ የማምከኛ ቀጠሮዋ ተጽፏል። ይህኛውን ቀን ዶክተሩ ራሳቸው ናቸው የጻፉት።