ድምፁ የማን ነው?

የድሮ ፊልም ማደስ ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው ሥዕሉን ነው። ጭረት ማጥፋት፣ አቧራ ማንሳት፣ የደበዘዘ ቀለም መመለስ። የእኔም ሥራ እዚያው ላይ ነው። ከሠራኋቸው ሁሉ በጣም ያስጨነቀኝም በጣም ያስደሰተኝም ሥራ ግን በድምፅ በኩል የመጣ ነው።

ፊልሙ ኮሜዲ ነው። ከትልልቅ ስቱዲዮዎች ርቀው የአንድ አካባቢ ልጆች ተሰባስበው በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም የሠሩት። ገንዘብ አልነበራቸውም። ተዋንያኑ የሠፈር ሰዎች ናቸው፤ የሚናገሩትም ቤታቸው እንደሚናገሩት ነው። ሲኒማ ቤት ብዙ አልቆየም። በቪኤችኤስ ካሴት ግን ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ወዳጅ አፈራ። ንግግሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በቃላቸው የሚያወርዱ ሰዎች አሉ። እንዲህ ያለ ፊልም የሚታደሰው በዋናነት ለእነሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ባለመብቱ ድርጅት በብሉ ሬይ ዲስክ ሊያወጣው ፈለገና ሁለት ነገር ላከልን። አንዱ የሥዕሉ ኔጋቲቭ ነው። ሌላው «ማስተር» የሚል የተለጠፈበት ቴፕ ነው። ሥዕሉን ከኔጋቲቩ፣ ድምፁን ከቴፑ ወስዳችሁ አገጣጥሙ ተባልን።

ሥዕሉ ብዙ አላስቸገረም። ኔጋቲቭ ላይ ያረፈ አቧራ ብርሃን ስለሚጋርድ ስክሪን ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል። እሱን እያሳደድን አነሳን። ግሬይኑን፣ ማለትም ፊልም ላይ የሚታዩትን ደቃቅ ነጠብጣቦች፣ አልነካንም። ግሬይን ቆሻሻ አይደለም፤ ሥዕሉ ራሱ የተሠራበት ነገር ነው። ከጠረጉት የሰው ፊት ሰም ይመስላል። አንድ ትዕይንት ላይ ደግሞ ከላይ ብቅ የሚል ማይክሮፎን አለ። ከድርጅቱ የተመደበው ወጣት «አጥፉት» አለ። የፊልሙ ወዳጆች ያችን ማይክሮፎን ጠብቀው እንደሚስቁ ነገርነውና ተወው።

ችግሩ የጀመረው ድምፁን ስንገጥም ነው። የከንፈሩ እንቅስቃሴ አልሄደልኝም። መጀመሪያ የሲንክ፣ ማለትም ድምፁና ሥዕሉ እኩል አለመሄዳቸው፣ ጉዳይ መሰለን። ድምፁን ጥቂት ፍሬም (ፊልሙ ላይ ያለች አንዲት ነጠላ ሥዕል ፍሬም ትባላለች) ወደፊት፣ ጥቂት ፍሬም ወደኋላ ሞከርን። አንዱ ቃል ሲገጥም ቀጣዩ ይስታል። አፉ ተዘግቶ ንግግሩ የሚቀጥልበት ቦታም አለ። ሲንክ ቢሆን ኖሮ ስህተቱ ሁሉም ጋ እኩል በሆነ ነበር።

የፊልሙ ኤዲተር በሕይወት ነበሩ። ቀለሙን አይተው እንዲነግሩን ጋበዝናቸው። ገና ትንሽ እንዳዩ እጃቸውን አነሱ።

«አቁመው እስቲ። ይሄ የማን ድምፅ ነው?»

«የፊልሙ ነው፤ ከማስተሩ የወሰድነው» አልኳቸው።

«አይደለም ልጄ። ይሄ ልጅ እንዲህ አይናገርም። ይሄ ሌላ ሰው ነው።»

ከዚያ ታሪኩን ነገሩን። ፊልሙ አካባቢው ላይ ከተወደደ በኋላ አንድ አከፋፋይ ሌላ ቦታ ሊሸጠው ፈለገ። አነጋገራቸው አይገባም ብሎ ድምፁን ለሙያተኛ ተዋንያን ሰጥቶ እንደገና አስቀረጸው። በኋላ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች የተሰጣቸው ያ ነው። እኛ ጋ «ማስተር» ተብሎ የመጣውም ያው ነው። ካሴቱ ላይ የነበረው ግን የመጀመሪያው ድምፅ ነበር። ስለዚህ ዲስኩን እንደተላከልን ብናወጣው ኖሮ፣ በቃሉ የሚያውቀው ወዳጅ በመጀመሪያው ደቂቃ ይጮህብን ነበር።

ይህ የእኛ ፊልም ብቻ ዕጣ አይደለም። ስኮትላንዳዊው ቢል ፎርሳይት እ.ኤ.አ. በ1979 የግላስጎው ወጣቶችን ይዞ በጥቂት ገንዘብ የሠራው «ዛት ሲንኪንግ ፊሊንግ» የሚባል ኮሜዲ አለ። ዲቪዲው የወጣው አነጋገሩ ለስለስ ባለ ሌላ ድምፅ ተተክቶ ነበር። የግላስጎው ልጆች ድምፅ የተመለሰው የብሪታኒያ ፊልም ኢንስቲትዩት በ2014 ባወጣው ብሉ ሬይ ላይ ነው። ለወጣቱ ይህንን ነገርኩት።

እሱም የራሱ ጥያቄ ነበረው። «እሺ፣ የመጀመሪያው ድምፅ የታለ?»

የመጀመሪያው የተቀናበረ ድምፅ ማግኔቲክ ፊልም ላይ ነበር፤ እንደ ካሴት ድምፅ የሚቀዳበት ፊልም ነው። ጣሳው ሲከፈት ኮምጣጤ ኮምጣጤ ሸተተ። አሴቴት ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራ ፊልም ሲበሰብስ አሲድ ያወጣል። ማግኔቲኩ ላይ የተቀባው የብረት ኦክሳይድ ደግሞ መበስበሱን ያፋጥነዋል። ተጨማዶ፣ ተጣብቆ ነበር። ከእሱ ምንም አልወጣም።

የቀረን ኤዲተሯ ያቆዩት የሲኒማ ቅጂ ነው። ፕሮጀክተር ላይ ብዙ የዞረ፣ የተቆራረጠና የተለጠፈ። ድምፁ ከሥዕሉ ጎን በብርሃን የሚነበብ ኦፕቲካል መስመር ነው። ያፏጫል፣ ይንጫጫል፣ ቀጭን ነው። ወጣቱ ሰማና ፊቱ ተለወጠ። «ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ይሄን ይስማ? ያኛው እኮ ንጹሕ ነው» አለ።

ልክ ነበር፤ ቴፑ በጣም ንጹሕ ነው። ስለዚህ ክርክሩን ትተን አንድ ትዕይንት በሁለቱም ድምፅ አሳየነው። ሁለት ጓደኛሞች ተደብቀዋል። አንዱ «ዕቅዱ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ሌላው ጀርባውን ለካሜራው ሰጥቶ ቆሟል። በአዲሱ ድምፅ ጀርባው የዞረው ሰውዬ ወሬውን ይለቀዋል። አፉ ስለማይታይ የፈለጉትን ሞልተውበታል። በመጀመሪያው ድምፅ ግን ዝም ይላል። ረጅም ዝምታ ነው። ከዚያ በሠፈሩ አነጋገር ሁለት ቃል ብቻ ይጥላል፤ «ውሸት ነው»። ዕቅድ የሚባል ነገር የለም ማለቱ ነው።

ወጣቱ ሳቀ። «እስቲ ድገመው» አለ። ሁለተኛ ጊዜም ሳቀ። ከዚያ በኋላ ስለ ንጽሕና አልተከራከረንም።

ኮሜዲ ላይ ሙያተኛ ድምፅ ጥፋት ነው እያልኩ አይደለም። እነዚህ ልጆች ግን ትወና አልተማሩም። ያላቸው ነገር አነጋገራቸውና መቼ ዝም እንደሚሉ ማወቃቸው ብቻ ነው። ሁለቱንም ከወሰድክባቸው የቀረው ሥዕል ምን ያስቃል?

የድምፅ ባለሙያችን ከዚያ በኋላ የሠራችው ሥራ ይደንቀኛል። ማፏጨቱን ሙሉ በሙሉ ማጥፋት ትችል ነበር፤ አላደረገችውም። ብዙ ከጠረጉ «ስ» እና «ሽ» አብረው ይሄዳሉ። ዝምታው ደግሞ ባዶ ይሆናል። ክፍሉ ውስጥ ሰው እየጠበቀ መሆኑ የሚታወቀው በዚያች ትንሽ የቤት ውስጥ ድምፅ ነው። ስለዚህ ቀነሰችው እንጂ አልገደለችውም።

የተለጠፉት ቦታዎች ነበሩ ትልቁ ፈተና። በ16 ሚሊ ሜትር ቅጂ ላይ ድምፁ ከሥዕሉ 26 ፍሬም ቀድሞ ነው የሚታተመው። ስለዚህ ፊልሙ የተበጠሰበት ቦታ የጠፋው ድምፅ የዚያ ሥዕል አይደለም፤ ከአንድ ሰከንድ ትንሽ ዘግይቶ የሚመጣው ነው። ይህንን ያላወቀ ሰው ክፍተቱን የተሳሳተ ቦታ ይፈልጋል። ክፍተቶቹን ከቪኤችኤስ ካሴት ሞላናቸው። ካሴቱ በሰከንድ 25 ፍሬም ለሚያሳይ ሲስተም የተቀዳ ነው፤ ፊልሙ ግን 24 ነው። ስለዚህ ሁሉም ሰው ትንሽ ይፈጥናል፣ ድምፁም ይቀጥናል። በአራት በመቶ ገደማ ስታዘገየው ልጆቹ ወደ ራሳቸው ድምፅ ተመለሱ።

አንድ ቦታ ብቻ አልተገኘም። ቅጂው ላይ ተቆርጧል፤ ካሴቱ ላይ ደግሞ ቴፑ ተበላሽቷል። አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ነው። ያለው በአዲሱ ድምፅ ብቻ ነው። ወጣቱ «ለዚህች ብቻ ብንጠቀምበትስ?» አለ። ኤዲተሯን ጠየቅናቸው።

«በሌላ ሰው አፍ እንዳታስናግሩት» አሉ። «ምን እንዳለ እኔ አውቃለሁ፤ ጻፉት።»

እንዳሉት አደረግን። እዚያ ቦታ ላይ የክፍሉ ድምፅ ብቻ ይሰማል፤ ንግግሩ በሰብታይትል ይወጣል። የዲስኩ ቡክሌት ላይም ለምን እንደሆነ ተጽፏል። የአከፋፋዩን ድምፅ አልጣልነውም፤ እሱም የፊልሙ ታሪክ ነው። ከሜኑ ላይ ለሚመርጠው በሁለተኛነት አለ። ዲስኩ ሲከፈት የሚመጣው ግን የሠፈሩ ልጆች ድምፅ ነው። ቴፑ ላይ የነበረውን «ማስተር» የሚል ጽሑፍም ወደ መጋዘን ከመመለሳችን በፊት አስተካከልነው፤ «በኋላ የተቀረጸ ድምፅ» ብለን።