ሰፊ ሌንስ ይዤ ጀጎል ውስጥ

በ4 በ5 ኢንች ፊልም ለሚሠራው ካሜራዬ 90 ሚሊሜትር ሌንስ ስገዛ የማስበው ሐረርን ነበር። የጀጎል መንገዶች ጠባብ ናቸው። አንዱን ግድግዳ ለማንሳት ወደ ኋላ ልሽሽ ቢሉ ሌላው ግድግዳ ጀርባ ላይ ነው። ለዚህ ፊልም መደበኛ የሚባለው 150 ሚሊሜትር እዚያ በር ብቻ ነው የሚያሳየው። 90ው በተለመደው የ35 ሚሊሜትር ፊልም ካሜራ ከ28 ሚሊሜትር ሌንስ ጋር ይቀራረባል። ሲሰሙት ያን ያህል ሰፊ አይመስልም። ጣጣው የሚጀምረው ካሜራው ላይ ሲገጠም ነው።

የሚታጠፍ የመስክ ካሜራ በብዛት የሚመቸው ረዘም ላለ ሌንስ ነው። 90ው ለፊልሙ በጣም ስለሚቀርብ ቤሎው፣ ማለትም ሌንሱን ከካሜራው ጀርባ ጋር የሚያገናኘው ተጣጣፊ ሽፋን፣ እንደ ተዘጋ አኮርዲዮን ይጨመቃል። ከተጨመቀ ደግሞ ንቅንቅ አይልም። የእኔ ሌንስ ቀዳዳው እስከ ኤፍ 22 ሲጠብ 216 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ክብ ምስል ይጥላል። በዚህ ስሌት ፊልሙ በአግድም ሲሆን ሌንሱን 4 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ አድርጌ የግንቡን ጫፍ ማስገባት እችል ነበር። ካሜራዬ ግን ከ2 ሳንቲሜትር በላይ እምቢ ይላል።

እምቢ ስላለ ግን ካሜራውን ወደ ሰማይ አላቀናም። ከቀና ግድግዳዎቹ ላይኛው ጫፋቸው ላይ ይጠጋጋሉ። በውሃ ልክ ቀጥ አድርጌ አቆመዋለሁ፣ ሌንሱን እስከሚችለው ድረስ ከፍ አደርጋለሁ፣ ከታች የተረፈውን መሬት ኋላ ቤቴ ቆርጬ እጥለዋለሁ። ፊልሙ ትልቅ ስለሆነ ቢቆረጥም አይጎዳም።

ፊልሙን በቁም ሳደርገው ደግሞ ተዘርግቶ የሚወጣው የካሜራው የፊት ሰሌዳ ፎቶው ውስጥ ይገባል። መፍትሔው ሰሌዳውን ዝቅ አድርጎ የሌንሱን ማቆሚያ እንደገና ቀጥ ማድረግ ነው። እዚህ ላይ አይቸኮልም። 90 ሚሊሜትር ሌንስ ጥራቱን ከሩቅ አድማስ ወደ 2 ሜትር ለማምጣት የሚጓዘው 4 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ 150ው 12 ይጓዛል። ማቆሚያው በትንሹ ካጋደለ የምስሉ አንዱ ወገን ደብዝዞ ይቀራል። ውሃ ልኩን ከፊትም ከኋላም የማስቀምጠው ለዚህ ነው።

በእንዲህ ዓይነት ካሜራ ብዙ ሰው ሌንሱን ወደ ፊት ማዘንበል ይወዳል። ካሜራው ከመሬት 1 ሜትር ተኩል ከፍ ካለ ለ90ው 3 ዲግሪ ተኩል ገደማ ይበቃል፤ ከእግር ሥር እስከ ተራራው ድረስ መሬቱ ጥርት ይላል። ለሜዳ አሪፍ ነው። ጀጎል ውስጥ ግን መሬቱ ሲጠራ የቅርቡ ግድግዳ ላዩ ይደበዝዛል። ተውኩት። ኤፍ 22 ላይ ወደ 4 ሜትር ገደማ ካስተካከልኩት ከ2 ሜትር እስከ መንገዱ መጨረሻ ይበቃኛል።

የተማርኩት በደንብ ግን ቤት ውስጥ ነው። የሐረሪ ቤት ሳሎን ከፍና ዝቅ ያለ መደብ አለው፣ ግድግዳው ደግሞ በስፌትና በሳህን የተሞላ ነው። ሁሉንም ልክተተው ያሰኛል። ካሜራው ጀርባ ባለው፣ ምስሉ በሚታይበት ብርጭቆ ላይ ሳየው መሃል ያሉት ስፌቶች ክብ ናቸው። ጥግ ያሉት ድብልብል ስፌቶች ግን ሞላላ ሆነው ወደ ምስሉ ማዕዘን ተለጥጠዋል። የሌንስ ጉድለት አይደለም፤ ቀጥ ያለው መስመር ቀጥ እንዳለ እንዲቆይ ከተፈለገ ጥግ ላይ ያለ ድብልብል ነገር መለጠጡ የግድ ነው።

«እማማ፣ እነዚህን ሁለቱን ትንሽ ወደ መሃል ላምጣቸው?» አልኳቸው የቤቱን እመቤት።

«የለም ልጄ፣ የእነሱ ቦታ እዚያ ነው።»

እውነታቸውን ነው። ስፌቱን ትቼ ካሜራውን ግማሽ እርምጃ ወደ ግራ ወሰድኩት። ጥጉ ላይ ባዶ ግድግዳ መጣ። ባዶ ግድግዳ ቢለጠጥ ማን ያውቅበታል?

ብርሃኑም የሚያንሰው ጥጉ ላይ ነው፤ በዚህ ሌንስ ከአንድ ስቶፕ በላይ፣ ማለትም ከግማሽ በታች ይወርዳል። ነጭ ግድግዳ ላይ ያስታውቃል። መሃሉን የሚያጠቁረው ሴንተር ፊልተር ያስተካክለዋል፣ ግን አንድ ስቶፕ ተኩል ይበላል። ከዚያ በኢልፎርድ ኤችፒ 5 ፊልም ስሌቱ 10 ሰከንድ ሲሰጠኝ እኔ 20 እሰጠዋለሁ፤ ፊልሙ በረጅም ጊዜ ላይ ይሰንፋል። የገባ የወጣ ሰው ቢኖር ጥላ ሆኖ ይቀራል፣ ወይም ጭራሽ አይታይም።

ብርጭቆው ራሱ መሃሉ ቦግ ብሎ ጥጉ ጨለማ ነው። በጥቁሩ ጨርቅ ሥር ሆኜ ከማፍጠጥ ይልቅ የበራች ትንሽ ባትሪ ክፍሉ ጥግ አስቀምጬ በእሷ አስተካክላለሁ። መጨረሻ ላይ፣ ሌንሱን ኤፍ 22 ላይ ዘግቼ፣ በተቆረጠው የብርጭቆው ማዕዘን በኩል ወደ ሌንሱ አጮልቃለሁ። የሌንሱ ቀዳዳ ሙሉ ሆኖ ከታየኝ ምንም የከለለው ነገር የለም። ጎኑ የተበላ ከሆነ ወይ ቤሎው ገብቶበታል ወይ ሌንሱን አብዝቼ አንስቼዋለሁ። ትንሽ ዝቅ አድርጌ ደግሜ አያለሁ። ፊልሙን የማስገባው ከዚያ በኋላ ነው።