ባዶዋ ብልቃጥ

ዛሬ ማንንም ማናገር የማያሰኝ ሙድ ውስጥ ሆኜ ነው የነቃሁት፣ ምክንያቱን አትጠይቁኝ እኔም አላውቀውም። ላብራቶሪ ገብቼ ትናንት ማሽኑ ሲያነብ ያደረውን ውጤት ከፈትኩ። የምመረምራቸው ባዛልቶች (ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋዮች) ደህና ናቸው፣ ስታንዳርዱም፣ ያ ይዘቱ አስቀድሞ የሚታወቀው ናሙና፣ ገጥሟል፣ ጉዱ ያለው ብላንኳ ላይ ነው። ብላንክ ማለት ድንጋይ ያልገባባት ባዶ የቴፍሎን ብልቃጥ ናት፣ እንደሌሎቹ ያንኑ አሲድ ትጠጣለች፣ እነሱ ጋ ሆትፕሌት ላይ ታድራለች፣ በመጨረሻ ምንም እንዳይገኝባት ነው የሚጠበቀው። የኔዋ ዚንክ በዚንክ ሆናለች።

ያ አጠገቤ የሚሰራው ልጅ አንገቱን አስግጎ ስክሪኑን አየና "ጓንትሽ ይሆናል" ብሎኝ ሄደ። ለካ የላስቲክ ጓንት ሲሰራ ዚንክ ኦክሳይድ ይገባበታል! ሳምፕሉን ከኔ ይጠብቅልኛል ብዬ ያጠለቅኩት ነገር እኮ ነው። ወፍጮውም ያው ነው፣ ተንግስተን ካርባይድ ከሚባል ጠንካራ ቁስ የተሰራ ስለሆነ ድንጋዩን ሲፈጭ ከራሱ ተንግስተንና ኮባልት ይመርቅበታል፣ ስለዚህ የሁለቱን ቁጥር ገና ሳላየው ሰርዤዋለሁ። 1 ፒፒቢ (ከቢሊዮን አንድ እጅ) እኮ 1000 ቶን ውስጥ 1 ግራም ነው፣ እዚህ ሂሳብ ውስጥ "እኔ ምንም አልነካሁም" የሚባል ነገር የለም፣ ፀጉሬም ልብሴም አቧራውም ሁሉም እጁን ያስገባል።

ከዛ ጂኦኬሚስቱ ክሌር ፓተርሰን ትዝ አለኝና ሥራ ፈታሁ። ሰውዬው የምድርን ዕድሜ ሜትዮራይት (ከህዋ የወደቀ ድንጋይ) ውስጥ ካለው እርሳስ፣ ብረቱን ማለቴ ነው፣ ሊያወጣ ተነስቶ እርሳስ ከየቦታው እየገባ ቁጥሩ አልረጋ ሲለው ስንት ዓመት ላብራቶሪውን ሲፈገፍግ ኖረ፣ እ.ኤ.አ. በ1956 4.55 ቢሊዮን ዓመት ብሎ አሳተመ። ሌላ ሰው ቢሆን እዛ ላይ እጁን ታጥቦ ይገላገል ነበር፣ እሱ ግን ያ ያስቸገረው እርሳስ ከየት መጣ ብሎ ተከተለው፣ ባህር ውስጥ፣ ግሪንላንድ በረዶ ውስጥ፣ መጨረሻው ያኔ ቤንዚን ውስጥ ይጨመር የነበረው እርሳስ ሆነ፣ ከነዳጅ ኩባንያዎቹ ጋር ተናንቆ ኖረ። እኔ ብሆን? እኔማ ኤክሴል ላይ የብላንኩን ቁጥር ከሌሎቹ ቀንሼ ነበር የማልፈው፣ እውነቱን ለመናገር ዛሬም ቀንሼ ልተኛ ነበር፣ አማካሪዬ ብላንኩን አሳዪኝ ባትል ኖሮ።

ጠዋት ምን ከፍቶኝ እንደነበር እስካሁን አልመጣልኝም። ለማንኛውም ፖሊኢትሊን (የፕላስቲክ ዓይነት) ጓንት ፈልጌ አጠለቅኩ፣ ባዶዋን ብልቃጥ ደግሜ አሲድ አጠጥቼ፣ ጥርቅም አድርጌ ከድኜ፣ ሆትፕሌት ላይ አስቀመጥኳት። አሁን አልጋዬ ላይ ሆኜ ነው ትዝ ያለኝ፣ በዛው ጓንት መነጽሬን ወደ ላይ ገፋ አድርጌያለሁ። ግን ከመክደኔ በፊት ነው ወይስ ከከደንኩ በኋላ?